የመልሕቅ መብራት በአንኮበር አፋፍ

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የተነሣሁት በየካቲት መጨረሻ፣ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። በቦርሳዬ ውስጥ ለወንድሜ የገዛሁለት የሱፍ ካልሲ፣ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት አምፖሎች፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል አንዲት ጥቁር ዕቃም ነበረች። ለሰው የተናገርኩት አምፖል ልቀይር እንደምሄድ ነው። ዋናው ጉዳዬ ግን ወንድሜን ይዤ መመለስ ነበር፤ ይህን ከመጀመሪያው መናገር ይሻላል።

ወንድሜ ታደሰ ታናሼ ነው። ወጣትነቱን ምፅዋና አሰብ ላይ በመርከብ ኤሌክትሪክ ሠራተኛነት አሳለፈ። በኋላ ወደ ተወለድንበት ወደ አንኮበር ተመለሰ፤ ትዳር ያዘ፤ ሚስቱ ከሞተችም ወዲህ እዚያው ብቻውን ይኖራል። ከባሕር ይዞት የመጣው ነገር ቢኖር አንዲት መብራት ናት። አሰብ ወደብ ላይ ተሰባብራ ከተጣለች የሸራ ጀልባ ደቀል ላይ ነው የፈታት። ደቀል የሚሉት ሸራው የሚሰቀልበትን ረጅም ምሰሶ ነው። ጀልባ መልሕቋን ጥላ ስታድር ከደቀሉ ጫፍ አንዲት ነጭ መብራት ታበራለች፤ ሌሎች ከየትኛውም በኩል አይተዋት፣ ቆማ እንዳለች አውቀው ዞረው እንዲያልፉ።

ታደሰ ይህችን መብራት ከጓሮው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ባቆመው የባሕር ዛፍ ምሰሶ ጫፍ ሰቅሏታል። ዝናብ እንዳይገባባት ከቆርቆሮ ክዳን ሥር አንጠልጥሏታል። ከገደሉ ሥር ካለችው ከአሊዩ አምባ አህያ እየነዱ በአቋራጭ የሚወጡ ነጋዴዎች ጉም ሲይዛቸው፣ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበትን ቦታ የሚለዩት በእሷ ነው። አንዱ መንገድ ወደ ከተማው ይወስዳል፤ ሌላው ገደል አፍ ላይ ያበቃል።

ችግሩ አሮጌው አምፖል ነበር፤ ባትሪ ይበላል። ጣሪያው ላይ ያለችው ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ በጉም ቀን ባትሪውን አትሞላውም። ያን ጊዜ ታደሰ ባትሪውን በትከሻው ተሸክሞ የወረዳው ከተማ ጎረቤላ ድረስ ወስዶ ያስሞላል። ባለፈው ክረምት እንዲህ ሲሄድ አዳልጦት ወደቀ፤ ጉልበቱ ከዚያ ወዲህ አልዳነም። እኔ ደብረ ብርሃን ቤት አለኝ፤ ባዶ ክፍልም አለኝ፤ ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው። ና ባልኩት ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ "እትዬ፣ መብራቷን ማን ያበራታል?" ይለኛል። ለገና በስልክ ስጨቀጭቀው ሰለቸውና "ያለ ሰው በርታ የምታድር ከሆነ እመጣለሁ" አለ። እኔም ቃሉን ያዝኩ።

ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ

ከመነሣቴ ዋዜማ ገበያው አጠገብ ወዳለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ከሌላ አገር ለሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ ጎልማሳ ነው።

"በመኪና ባትሪ የሚሠራ ኤልኢዲ አምፖል እፈልጋለሁ" አልኩት።

"ለመኪና ነው፣ እማማ?"

"ለጀልባ መብራት ነው።"

"የት ላለች ጀልባ?"

"አንኮበር።"

ፊቴን አየ። እንደማልቀልድ ሲገባው ሁለት ዓይነት አወጣልኝ። አንዱ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው። ሌላው እንደ በቆሎ ራስ ዙሪያውን ፍሬ ፍሬ የመሰሉ ትናንሽ መብራቶች ተደርድረውበታል። ጠፍጣፋውን በባትሪ አበራና ፊቴ ላይ ሲያዞረው ዓይኔን ጨፈንኩ። "ይሄኛው ይሻልዎታል" አለኝ። ለጥንቃቄ ሁለቱንም ወሰድኩ። ከዚያ ጥቁሯን ዕቃ ያሳየኝ እሱ ነው።

"ይቺን ካስገቡባት ደግሞ ሰው አይፈልግም። ሲጨልም ራሷ ታበራለች፤ ሲነጋ ራሷ ታጠፋለች።"

ሌላ አልጠየቅኩም። ከፍዬ ወጣሁ።

መንገዱ

መናኸሪያው ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሹፌሮቹ በጋቢና በኮፍያ ተጠቅልለው ሻይ ይጠጣሉ። ረዳቱ "አንኮበር፣ አንኮበር፣ ሁለት ሰው የቀረው!" ይላል፤ ውስጥ ግን የተቀመጥነው አራት ነበርን። ሚኒባሷ እስክትሞላ እግሬ ደነዘዘ። ሒሳቡን ከታሪፉ በላይ ሲጠይቀን አንድ ተሳፋሪ "ለምን?" ቢለው "ነዳጅ አባቴ፣ ነዳጅ!" ብሎ አለፈ። ለእኔ ግን የፊት ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ ስለዚህ አልተከራከርኩም።

ከተማዋን ስንወጣ ሜዳው ለበልግ ገብስ እየታረሰ ነበር። በየቤቱ ጓሮ ኩበት እንደ ትንሽ ጎጆ ተከምሯል። በጎች በውርጭ ከነጣው ሣር ላይ ተበትነዋል። መንገዱ ከፊሉ ደህና ነው፤ ከፊሉ ጎርበጥባጣ። ወደ አንኮበር ስንጠጋ መሬቱ ከፍ እያለ፣ አስታና ጅብራ የሚባሉት የደጋ ዕፅዋት መታየት ጀመሩ። በመጨረሻም ከፊታችን መሬት ያለቀ መሰለ። አገሩን ለማያውቅ ያ ቦታ ያስደነግጣል፤ ከዳገቱ ጫፍ ወዲያ ያለው ሁሉ ታች ነው። በጠራ ቀን እስከ አፋር በረሃ ይታያል። የዚያን ዕለት የታየን ጉም ብቻ ነበር።

ጎረቤላ ወርጄ ሻይና ዳቦ ቀመስኩ። ከዚያ የታደሰ ጎረቤት ጥሩነሽ ከወፍጮ ስትመለስ አገኘችኝና አብረን ሄድን። ጥሩነሽ አፏ ፈጣን ነው።

"እትዬ፣ ዛሬስ ሊወስዱብን ነው የመጡት፣ አይደል?"

"ማንን?"

"ባሕረኛችንን ነዋ!"

ካልመለስኩላት ብዙ እንደምታወራ ስለማውቅ "ጉልበቱ እንዴት ነው?" አልኳት።

"ጉልበቱማ ሽማግሌ ሆኗል። ምላሱ ግን ገና ወጣት ነው።"

ደቀሉ ሲጋደም

ታደሰ ከበር ላይ ጠበቀኝ። ከስቷል። ሁለት ጊዜ ሳመኝና አምፖሎቹን ተቀበለኝ፤ መነጽሩን አድርጎም አገላብጦ አያቸው። "እነዚህ እኮ ከአሮጌው ባትሪ የሚወስዱት ትንሽ ነገር ነው" አለ። ጥቁሯን ዕቃ ስሰጠው ምን እንደምትሠራ ወዲያው ገባው። ከእጁ መዳፍ ላይ አስቀምጦ ጥቂት አያት። "እሺ" አለ።

ምሰሶው ላይ መውጣት እንዳያስፈልግ በብልሃት ነው የተተከለው። ሥሩ በሁለት ወፍራም እንጨቶች መካከል በብረት ዘንግ ተይዟል፤ በገመድ እየለቀቁ ያጋድሙታል፤ እየሳቡም ያቆሙታል። ጀልባ ላይ የተማረው ነው። ለአንድ ሰው ግን አይቻልም። በዚያ መንደር ደቀሉ ሲጋደም ያየ ሁሉ ሳይጠራ ይመጣል። ማን እንዳዘዘው አላውቅም፤ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። ጫፉ መዘንበል እንደጀመረ የጥሩነሽ ባል አቶ ወንዳፍራሽ ማረሻውን ትቶ መጣ፤ ከታች ቤትም ሦስት ሴቶች እጃቸውን እየጠረጉ ደረሱ።

"ሴቶች ገመዱ ላይ! ወንዳፍራሽ አንተ ከሥር!" አለ ታደሰ። ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ።

"ካፒቴኑ ተነሣባቸው" አለች ጥሩነሽ ገመዱን እየጠመጠመች።

"ቀስ በይ! ልቀቂ... ልቀቂ... ያዢ!"

"ኧረ መርከቡ ሊሰጥም ነው፣ እናንተ!"

"ባሕር በሌለበት አገር ባሕረኛ አዘዘን" አለ ወንዳፍራሽ ምሰሶውን በትከሻው እየተቀበለ። "ይሄን ለማን እንናገራለን?"

"ወሬውን ተውና ተሸከም" አለው ታደሰ።

ጠፍጣፋውን አምፖል አስገባ። አልበራም። ታደሰ ሳቅ አለና ሁለቱን ሽቦዎች አለዋወጣቸው፤ በራ። አሮጌው አምፖል ሽቦው በየትም በኩል ቢታሰር ግድ የለውም፤ ይሄኛው ግን ይመርጣል አለን። ጥቁሯን ዕቃ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አሰራት። ምሰሶውን መልሰን አቆምን። የመጡትም የተቀቀለ ባቄላ በልተው፣ ጠላ ቀምሰው ተበተኑ።

ሊመሽ ሲል ከጥሩነሽ ጋር ጓሮ ቆመን ጠበቅን። ታደሰ ከግድግዳው አጠገብ ነበር፤ ለዓመታት መብራቷን ያበራበት ማብሪያ እዚያ ነው። ጉሙ ከገደሉ እየወጣ ነበር። ድንገት ጓሮው ቀን ሆነ፤ የዶሮዎቹ ላባ ሳይቀር ይታያል።

"ማን ነካት?" አለች ጥሩነሽ።

"ማንም" አልኩ።

የታደሰ እጅ ወደ ማብሪያው ተነሥቶ ነበር። ግድግዳው ላይ ትንሽ ቆየና ወረደ።

"ቃሌን አላጥፍም፣ እትዬ" አለኝ። "ከነገ ወዲያ እንሄዳለን።"

ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እንዳሰብኩት ያህል አልነበረም፤ ምክንያቱን ግን ያኔ አላወቅሁም።

ዘሃራ

ሽሮ ቀርቦ ከጥሩነሽ ጋር ሦስታችን ገና መብላት እንደጀመርን ከውጭ የሴት ድምፅ ተሰማ።

"ጋሽ ታደሰ! ጋሽ ታደሰ አሉ?"

በሩን ስከፍት አንዲት ጎልማሳ ሴት በትሯን ይዛ፣ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ ቆማለች። ዘሃራ የምትባል የአሊዩ አምባ ነጋዴ ናት፤ በርበሬና ሎሚ ጭና ለጎረቤላ ገበያ ዋዜማ ትወጣለች። ከዓመታት በፊት በዚያ ገደል በቅሎዋን በጉም ያጣች እሷ ናት፤ ታደሰ መብራቷን የሰቀለው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድሜን ከመደቡ ላይ ስታየው እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አለች።

"አሉ! አልሐምዱሊላህ! ወላሂ ልቤ ቆሞ ነበር።"

"ምን ሆንሽ?" አላት ታደሰ።

"መብራቷ የለችማ! መታጠፊያው ጋ ብንቆም፣ ብንጠብቅ የለችም። አንድ ነገር ሆነዋል ብዬ አህዮቹን ለእህቴ ትቼላት ሮጥኩ።"

"በርታለች እኮ!"

"የት?"

ይዘናት ወደ ጓሮ ወጣን። ብርሃኑ ዓይኗን ሲወጋት በእጇ ጋረደችው። መብራቷን አየች፤ ዞራም ከገደሉ በታች ያለውን ጨለማ አየች። "ከታች እንዲህ አይደለም" አለች። "ከታች ምንም የለም።"

ታደሰ ግንባሩን መታ። አምፖሉ ጠፍጣፋ ነው፤ ከክዳኑ ሥር ተንጠልጥሎ ፊቱን ወደ ታች፣ ወደ ጓሮው አድርጓል። ወደ ጎን የሚሄድለት ብርሃን የለም። እኛ ደግሞ ከሥሩ ቆመን ነው ያደነቅነው። አንዳችንም ወርደን ከታች አላየንም።

"ስንት ዓመት ባሕር ላይ ኖሬ!" አለ። "የደቀል መብራት እኮ ለራስ ጓሮ አይደለችም።"

ዘሃራን አስገብተን ሽሮውን አብረን በላን። እኔ ለማጽናናት ብዬ ተናገርኩ። ሌላ አምፖል እንዳለ፣ በነጋታው እንደሚቀየር፣ ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ባትሪ እንደማይሸከም፣ መብራቷ ራሷ እንደምትበራ፣ እሱም ከእኔ ጋር ደብረ ብርሃን እንደሚገባ ነገርኳት። ዘሃራ መጉረሷን አቆመች።

"ራሷ?"

"ራሷ።"

"እሳቸው ባይኖሩም ትበራለች?"

"አዎ፣ ባይኖርም።"

"ቢሞቱም?"

"አንቺ ሴት!" አለች ጥሩነሽ።

"አላህ ያቆይልን፤ ክፉ አላልኩም" አለች ዘሃራ፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። "እኛ ከታች ሆነን ስትበራ እናያለንና 'ጋሽ ታደሰ ዛሬም አሉ' እንላለን። ከዚያ ነው አህያ የምንነዳው። ስትዘገይ አንዱ 'ጉልበታቸው ተነሥቶባቸው ነው' ይላል፤ ሌላው 'ቆይ፣ ዱዓ አድርጉ' ይላል። ራሷ ከበራችማ... መንገዱን ታሳየናለች። ደግ ነው። እሳቸውን ግን በምን እናውቃለን?"

ታደሰ ሳህኑን አነሣ፤ ሊያጥብ ወጣ። ሲያጥብ ብዙ ቆየ።

በነጋታው

ጠዋት ስነሣ የታደሰ የድሮ የባሕረኛ ከረጢት አፉ ታስሮ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ካልሲውንም አድርጎታል። ሊያባብለኝ አልሞከረም፤ የዘሃራንም ነገር አላነሣም። በሶ በጥብጦ አቀረበልኝና ከእሳቱ ማዶ ተቀመጠ። ቃሉን እንደሚጠብቅ አውቄ ነበር፤ ልጅ ሳለም እንዲሁ ነበር። ከረጢቱን ደጋግሜ አየሁት። ይዤው ብሄድ ከባዶ ክፍሌ መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ ሲመሽ እጁ ግድግዳ ላይ ማብሪያ ሲፈልግ ታየኝ።

በሶውን ጨረስኩ።

"ደቀሉን እናጋድመው" አልኩት። "በቆሎ የመሰለውን አምፖል አስገባ።"

"እሺ።"

"ጥቁሯን ዕቃም ፍታልኝ።"

ቀና አለ። "እትዬ፣ እሷ ከሌለች እኮ መብራቷ በራሷ አትበራም።"

"አውቃለሁ።"

ከዚያ "ካቻቢቴዬን የት አኖርኳት?" እያለ ጀርባውን ሰጥቶኝ መደርደሪያውን ይበረብር ጀመር። ካቻቢቴዋ ከሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነበረች። አልነገርኩትም።

ጫፉ ሲዘነብል ሰዎቹ እንደ ትናንቱ መጡ። ጥሩነሽ "ይሄ መርከብ በየቀኑ ነው የሚሰጥመው?" አለች እንጂ ምክንያቱን አልጠየቀችም። ከረጢቱን በሩ ላይ ሳታየው አልቀረችም።

ከመታጠፊያው

በዚህኛው ጊዜ ከታች ሳላይ አልመለስም አልኩ። ዘሃራ ገበያዋን ጨርሳ ስትወርድ እኔና ጥሩነሽ አብረናት ወረድን። እህቷ ከመታጠፊያው ሥር ባለው መንደር ስለምትኖር እዚያ ታድራለች። መንገዱ ለእግሬ ቀላል አልነበረም፤ ድንጋዩ በጉም ረጥቦ ያንሸራትታል። ዘሃራ ከፊቴ ሆና በትሯን አቀበለችኝ። ከታች የማሽላ ማሳዎችና የአሊዩ አምባ ቤቶች ለአፍታ ታዩ፤ ወዲያው ጉሙ ከደናቸው።

መንገዱ ከሚከፈልበት ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እየመሸ ነው። ወደ ላይ ብንመለከት አፋፉም ቤቱም የለም፤ ነጭ ጉም ብቻ። አህዮቹ ያለ ጭነት ቆመው ያንኮራፋሉ።

"ይዘገያል እንዴ?" አለች ጥሩነሽ።

"ትንሽ ይዘገያሉ። መጀመሪያ ዶሮዎቹን ያስገባሉ" አለች ዘሃራ።

ይህን እኔ አላውቅም ነበር። ለዓመታት በየሳምንቱ እደውልለታለሁ፤ መብራቷን የሚያበራው ዶሮዎቹን አስገብቶ መሆኑን ግን አላውቅም።

ጠበቅን። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ አንዲት ነጭ ነጥብ ወጣች። ትንሽ ናት፤ እንደ ትናንቱ ጓሮውን ቀን የምታደርግ አይደለችም። ግን አልጠፋችም። ከግራው መንገድም፣ ከቀኙም እየሄድን አየናት፤ ከሁሉም በኩል ትታያለች። የታደሰ እጅ ከግድግዳው ላይ ገና እንዳልወረደ ተሰማኝ።

"አሉ" አለች ዘሃራ፤ አህዮቿንም ነዳች።

ከመሄዷ በፊት የስልክ ቁጥሬን ተቀበለችኝ። "እኔ ባልኖር እህቴ ታያታለች፤ ያልበራች ዕለት እደውልልዎታለሁ፣ እትዬ" አለችኝ። "ካልደወልኩ ደህና ናቸው።" እኔና ጥሩነሽ ዓይናችንን ከነጥቧ ሳንነቅል ዳገቱን ቀስ ብለን ወጣን።

መመለስ

ታደሰ እስከ ጎረቤላ ሸኘኝ። ከፋሲካ በኋላ ጉልበቱን ሊታይ እንደሚመጣ ቃል ገባልኝ፤ ጠዋት መጥቶ፣ ሳይመሽ ሊመለስ። ባትሪውን ከእንግዲህ መሸከም የለበትም፤ አዲሱ አምፖል በጉም ቀንም እስኪነጋ ያደርሰዋል። ይህን ያህል አግኝቼ ተመለስኩ። ሚኒባሷ ውስጥ ዘሃራ የሰጠችኝ ሎሚ እግሬ ሥር እየተንከባለለ ነበር።

በማግሥቱ ጥቁሯን ዕቃ ይዤ ወደ ሱቁ ሄድኩ።

"አልሠራችም፣ እማማ?" አለኝ ባለሱቁ።

"ሠርታለች።"

"ታዲያ ምን አጠፋች?"

"ምንም አላጠፋችም። በእሷ ፈንታ ጠንካራ ማብሪያ ማጥፊያ ስጠኝ፤ የወንድሜ አርጅቷል።"

ራሱን እየነቀነቀ ቀየረልኝ። በሚኒባሷ ረዳት እጅ ለታደሰ ላክሁለት።

ስለ ጉዞው የምለው ብዙ የለኝም። መብራት የሰቀለ ሰው ከሥሯ ቆሞ ማየት እንደማይበቃው ተማርኩ። ወንድሜን ስንት ዓመት ከደብረ ብርሃን ሆኜ ብቻውን ነው ስል፣ ከታች በኩል ሆነው በየምሽቱ የሚጠብቁት ሰዎች እንዳሉ አላየሁም ነበር።

አሁን እኔም ሲመሽ ስልኬን ከመስኮቱ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ ዶሮዎቹን እንደሚያስገባ ስለማውቅ፣ ትንሽ እጠብቃለሁ። ከዚያ ጥቂት ቆይቼ እራቴን አቀርባለሁ።

ዘሃራ እስከ ዛሬ አልደወለችም።